የሐጃ ቡሰይና የሙቀት መዝገብ

«የማሞቂያው መዝገብ አልተገኘም። በታካሚዋ ላይ የደረሰው የአንጎል ጉዳት በዕድሜዋ የሚጠበቅ ነው።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ከሆስፒታላችን አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ለሽኝቱም ለተምሩም አመሰግናለሁ። እዚህ ካርቱም እናንተ ልብ ስትጠግኑ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በማሽን ደም ሳዘዋውር ኖሬያለሁ። ዛሬ ሥራዬን ስለቅ መርቄ ብቻ ብቀመጥ ደስ ባላችሁ ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ሐጃ ቡሰይናን ታስታውሳላችሁ? የሆስፒታሉን ጋውን ስናለብሳት፣ «ይህን የሰፋው ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ ነበር እንዴ? ስነሣ እኔ እሰፋላችኋለሁ» ያለችንን?

ከልቧ የሚወጣውን ዋና የደም ቧንቧ ለመቀየር ሰውነቷን እስከ ሃያ ዲግሪ አቀዘቀዝነው። መልሶ ማሞቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከተቻኮሉ አንጎል ይጎዳል። ይህን የማያውቅ እዚህ አለ? ግን ረመዳን ነበር። መግሪብ ቀርቧል፤ ሁላችንም ጾመኞች ነን።

«አንተ ሙንዚር፣ ፍጠን እንጂ! ለማፍጠሪያ ያስቀመጥኩት የሑሉ ሙር መጠጥ በረዶው ቀለጠ» አሉኝ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሐይደር። ሁላችንም ሳቅን።

«ዶክተር፣ ቀስ ብንል ይሻላል» አልኳቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እንቁላል ነው የታቀፍከው? አሙቃት!»

አይነሡ ዶክተር ሐይደር፣ ንግግሬን አልጨረስኩም።

በሃያ ስምንት ደቂቃ አሞቅኋት። መቆጣጠሪያውን ያዞረው የእኔው እጅ ነው። እርስዎም ለአዛኑ ደረሱ።

በሦስተኛው ቀን ስትነቃ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ልጇ ኢኽላስ መርፌ አሳየቻት፤ ስሙ ጠፋት። «አጎቴ፣ እናቴን ምን ነካት?» ስትለኝ፣ «ዶክተሩን ጠይቂ» አልኳት። በሃያ ሁለት ዓመት እንደዚህ የማፍርበት ቃል ከአፌ አልወጣም።

መዝገቡ አልጠፋም። በማግስቱ በእጄ ለክቡር ዳይሬክተር ሰጥቻለሁ፤ ፈርመው ተቀብለዋል። ፊርማቸው ያለበት ቅጂ ይኸው። ኮሚቴው ግን አንድም ቀን አልጠራኝም።

አላህ እጃችሁን ያጽናላችሁ። ታካሚዎቻችሁ ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ይንቁ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ሪፖርቱ ይታረም፤ ከጥፋተኞቹ መካከል የእኔም ስም ይግባበት፤ አንድ ቅጂ ለኢኽላስ ይድረሳት። መልስዎን በጽሑፍ፣ እስከ መጪው ሐሙስ፣ ከዙህር ሶላት በፊት እጠብቃለሁ።