ደጃችን ላይ እጅ የሚነሣው ወጣት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ጎንደር ውስጥ የኮምፒዩተር መምህርት ነኝ። ዶሮዎቻችን እየተሰረቁብን ስንቸገር፣ መዳፍ የምታክል፣ ሽፋን የሌላት ርካሽ ኮምፒዩተር ገዝቼ ካሜራ ሰካሁባት፤ ዝናብ እንዳይነካት በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ከትቼ ከውጭ በር በላይ፣ ወደ መንገዱ አዙሬ ሰቀልኳት። ሌባ አልያዘችም። የያዘችው አንድ ነጠላ ያጣፋ ሸጋ ወጣት ነው፤ በየማለዳው በራችን ፊት ቆሞ፣ ወደ እኛ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥቶ ያልፋል።

አባቴ «ተያዘ?» ሲለኝ «ገና ነው አባባ» እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ እሱን ብቻ አየሁ። ለእኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። በመጨረሻ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሳምንት የተለማመድኩትን ቃል ይዤ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ምነው ሁልጊዜ ከደጅ? ገባ በል እንጂ» አልኩት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«እህቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ጋረድሽብኝ» አለኝ።

ክርስትና የተነሣሁበት ደብር ከግቢያችን ጀርባ መኖሩን ረስቼው ኖሯል። ፈቀቅ አልኩለት። እሱ ሲሳለም እኔም ዞሬ አብሬው ተሳለምኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?