ከሰኞ ጀምሮ በብስክሌት

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጡ እናት ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ከኋላዬ መጥተህ ክላክስ እንዳታደርግብኝ።»

«እርስዎ ነዎት የሚነዱት?»

«ልጄ አስተምራኛለች። ባለፈው አንድ አይሱዙ ከኋላዬ ጮኸብኝና ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። ጉልበቴን እስካሁን ያመኛል።»

«ወላሂ አልጮኽብዎትም፣ እናቴ። እርስዎም መሀል መንገዱን አይያዙብኝ።»

«ቀኝ ቀኙን ነው የምሄደው። ቁልቁለት ላይ ግን ትንሽ ታገሠኝ።»

«እታገሣለሁ። ግን ከኋላ ሆኜ እርስዎ መሆንዎን በምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ብስክሌት ላይ ያየኸውን ሁሉ እኔ ነኝ ብለህ እለፍ።»

«ሱሪ የለበሰውንም?»

«ሱሪ ሳልለብስ እንዴት እነዳለሁ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ጥቂት እንደሄድን አንድ ጢማም ሰው ብስክሌት እየነዳ ከፊታችን ታየ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ክላክሱን ሳይነካ ራቅ ብሎ አለፈውና በመስኮት ብቅ አለ።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ?»

«አየህ፣ አያቅትህም» አሉ ሴትዮዋ።

እኔ እስክወርድ ድረስ የሚቀጥለውን ብስክሌት በመስኮት ስጠብቅ ነበር።