ቨርና ሆስቴትለር ርችት ገዢውን ለምን እንደምትመረምር

እስቲ ዶናቱን ለአፍታ አስቀምጡት፤ የተሰበሰብነው ቨርናን በጡረታ ልንሸኝ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ይከፈታል፤ ጁላይ ሦስት ነው፣ የነጻነት በዓሉ ዋዜማ፤ ውጭ ያለው ሰልፍ ከወዲሁ ነዳጅ ማደያው ጋ ደርሷል፤ እኔ ደግሞ በሰው ፊት ንግግር አድርጌ አላውቅም። ቨርና፣ ቁጭ በይ። መስኮቱን ተዪው፤ መኪኖቹን ቆጥሬልሻለሁ፣ አርባ አንድ ናቸው።

አዲሶቹ፣ እኔ ጎርዲ ፓቭሊክ ነኝ፣ የመጋዘኑ ሰው። ይህች ሴት የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ ልትጠይቅ ስትመጣ ካርቶን እያወረድኩ ነበር። በዚያ በር የገባችው የተለኮሰ ሲጋራ በአፏ ይዛ ነው። ርችት እስከ ጣሪያው የተደረደረበት ቤት ውስጥ። የሱቁ ባለቤት ሽማግሌው ዜማን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠረጴዛ ስር ሊገባ ምንም አልቀረው።

«እመቤት፣ ሲጋራውን።»

«ሥራ አለ?»

«ሲጋራውን አልኩሽ።»

«መጀመሪያ ሥራው ይነገረኛ።»

ዜማን የቡና ኩባያውን ዘረጋላት፤ እሷም ቀስ ብላ እዚያ ውስጥ ጨመረችው። «ሰኞ ጀምሪ» አላት። እኔን ከጠየቃችሁኝ የቀጠራት ፈርቶ ነው።

ቅጹን የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። በዚያን ጊዜ የግዛታችን የኦሃዮ ሕግ ርችት መግዛት ይፈቅዳል፣ መተኮስ ግን ይከለክላል። ገዢው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ከግዛቱ አወጣዋለሁ ብሎ ይፈርምና ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮው ይዞት ይሄዳል። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፖሊሱም ያውቃል፤ ደንበኛችን ነበራ። ሌላው ሱቅ ሰው ሳያነብ ይፈርማል፣ እዚህ ግን ቨርና መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ ታነብለታለች። ሰልፉ መንገድ ይዘጋል፣ ዜማን ፀጉሩን ይነጫል፣ እሷ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ናት። ያ ሰውዬ ትዝ አይላችሁም?

«የት ነው የምትወስደው?» አለችው።

«ሚሺጋን፣ አክስቴ ጋ።»

«ሚሺጋን የት?»

«ቶሌዶ።»

«ቶሌዶ ኦሃዮ ውስጥ ናት፣ የኔ ጌታ። ወይስ ትናንት ተነስታ ሄደች?»

ሰውዬው አሰበ፣ አሰበና «አክስቴ ቤት ልትቀይር ነው» አለ። ቨርና ካርቶኑን አንስታ ወደ መደርደሪያው መለሰችበት።

ሕጉ ተቀይሮ ቅጹ ሲቀር ተገላገልን ብለን ነበር። በበዓል ሰሞን በገዛ ግቢ መተኮስ ተፈቀደ፤ ያልፈለገ ከተማ መከልከል ይችላል ተባለ። ማን ሊገላግለን። «ከተማህ ከልክሏል? ማዘጋጃ ቤት ደውለሃል? የምትተኩሰው መቼ ነው? ጠጥተሃል?» የዓይን መከላከያውን መነጽር ራሷ ታጠልቅላቸዋለች። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ፂማም የጭነት መኪና ሹፌር «እናቴ እንኳን እንዲህ መርምራኝ አታውቅም» ሲላት ሰማሁ። «ያስታውቃል» አለችው።

እሺ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ቨርና፣ አትነሺ ብዬሻለሁ። ይህን ሳልናገር በሩ ከተከፈተ መቼም አልናገረውም።

እናንተ የማታውቁት ነገር አለ። ቨርና ድሮ አታነብም ነበር። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አራት ዓመታት እንደ ማንም እየሳቀች ነበር ማህተም የምትመታው። ከዚያ አንድ ቀን፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ እኔ ከሥራ ስወጣ ትልቁን ካርቶን ይዤ ሂሳብ መክፈያው ጋ መጣሁ።

«የት ነው የምትወስደው?» አለችኝ።

«ፔንሲልቬኒያ፣ ወንድሜ ጋ።»

«ጎርዲ፣ አንተ ወንድም የለህም።»

«ከዛሬ ጀምሮ አለኝ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ማህተሙን መታችው። በነጋታው ጓሮዬ ውስጥ አንዱ የርችት ቱቦ አልተኮስ ሲለኝ ጎንበስ ብዬ እንደገና ለኮስኩት። ሁለት ጣቶቼ የሄዱት ያኔ ነው። ለአዲሶቹ የካርቶን መቁረጫ ነው እያልኩ ስነግራችሁ የኖርኩት ውሸት ነው።

ሆስፒታል ቀድማ የመጣችው እሷ ነበረች። ቅጹን ይዛ መጥታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። «እያወቅሁ ነው ያሳለፍኩህ» አለች። እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? «አዎ፣ ታውቂ ነበር። ለምን ሸጥሽልኝ?» አልኳት። ቅጹን አንስታ ወጣች። በሚቀጥለው ሰኞ ማንበብ ጀመረች።

አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ምሳ በልተናል። ጃኬቴን ቆልፋልኛለች፤ ሚስቴ ስትሞት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሾርባ አመላልሳልኛለች። እኔ ግን ያን ቃል አንድ ቀን መልሼ አልዋጥኩትም። በዓሉ ባለፈ ማግስት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ «ከሆስፒታል የተደወለ አለ?» ብላ ስትጠይቅ ትስቁባታላችሁ። እኔም አብሬ ስቄባታለሁ፤ ምክንያቱን ከሁላችሁም በላይ እያወቅሁ። ዘንድሮ ጡረታ ከመውጣትሽ በፊት በዓሉን ለምን አትጨርሺም ስትሏት «ውሻዬ ርችት ይፈራል» አለቻችሁ። የፈራው ውሻው አይደለም።

ስለዚህ ስሚኝ፣ ቨርና። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ፣ ቱቦው ላይ ያጎነበስኩትም እኔ። ያን ቀን እጄ ሲያመኝ ጥፋቱን የምጥልበት ሰው ፈለግሁ፤ አጠገቤ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ይህን ለመናገር አሥራ ሰባት ዓመት መፍጀቴ ያሳፍረኛል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባንቺ ጥያቄ ተማርሮ ካርቶኑን ጥሎ የወጣ ስንት ሰው ዛሬ አሥሩም ጣቶቹ እንዳሉት ማንም አያውቅም። ስለ እነሱም አመሰግንሻለሁ።

በሉ፣ የሎሚ ጭማቂያችሁን አንሱ፤ ከዚህ የበረታ መጠጥ በዚህ ሰዓት አይፈቀድም። ለቨርና። ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ጉልበትሽን አይመምሽ፤ ልጆችሽ አይራቁሽ። ነገ ማታ ሰማዩ ሲጮህ በረንዳሽ ላይ ወጥተሽ እዪው፤ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳን አይተሽው አታውቂም። የማንንም ጣት አትቁጠሪ።