ጤፍ የማያውቁ ጣቶች

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ እዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን አስቀድሜ ልጥራልሽ፤ ሰው ሳይታወቅ ወሬ አይያዝም። እኔ ደሳለኝ አለሁ፤ ባለቤቴ ጥሩወርቅ አለች፤ የንስሐ አባታችን አባ ኃይሉ አሉ፤ ሞጣ የድንጋይ ካባው ላይ የሚያሠራን ፎርማን ስንታየሁ አለ፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መሠረት አለች።

እና እኔ በጋውን ሞጣ ድንጋይ በማሽን እሰረስራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ቢቸና ተመልሼ ጤፍ እዘራለሁ። ማሽኑ እኮ ሰውን ከነአጥንቱ ነው የሚያንቀጠቅጠው፤ ድርርርር! ማታ እራት ስትቆርሺ እንኳ እጅሽ ውስጥ ይጮኻል። ታዲያ ስንታየሁ ከኋላ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙት! ማሽን ፈሪ ያውቃል!» ይላል፤ እኔም ፈሪ ላለመባል ጨምድጄ እይዛለሁ።

ታዲያ ከዓመታት በኋላ፣ በብርድ ጠዋት ጣቶቼ ነጡ። ነጡ ስልሽ፣ የሬሳ ጣት! ጥሩወርቅ፣ «ይሄ የሰው ዓይን ነው» አለች፤ አባም ጠበል አዘዙልኝ። እና ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ፣ እጄን እነክራለሁ፣ ውሃው በረዶ ነው። በነከርኩ ቁጥር ጣቶቼ ይነጣሉ፤ በነጡ ቁጥር ጥሩወርቅ፣ «ይኸው! እየለቀቀህ ነው!» ብላ እልል ትላለች። እኔም ደስ ብሎኝ ደግሜ እነክራለሁ። ምን ታደርጊዋለሽ!

ሐምሌ ላይ ልዘራ ወጣሁ። ጤፍ መቼስ ደቃቅ ነው፤ ስትበትኚው መብዛት ማነሱን የሚነግርሽ ጣትሽ ነው። የእኔ ጣት ግን ዝም። ምንም አልነገረኝም። ሲበቅል ታዲያ አንዱ ጥግ ችፍግ፣ ሌላው ራሰ በራ! አላፊ አግዳሚው፣ «ደሳለኝ ሰክሮ ነው የዘራው» አለ። መጠጥ አልቀምስም እኮ፣ ልጄ!

ከዚያ ወዲያ ነው ጤና ጣቢያ የሄድነው። ሲስተር መሠረት ዓይኔን አስጨፍና፣
«አባባ፣ ይሰማዎታል?» አለች።
«ምኑ?»
«የነካሁዎት።»
«መቼ ነካሽኝ?»
ዓይኔን አስገለጠችኝ። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «የማሽኑ መንቀጥቀጥ ደም ሥርዎንና ነርቭዎን ጎድቶታል» አለች። «ብርድ ሲነካው ይብሳል። ማሽኑን ካልተዉ ቁልፍ መቆለፍም ያቅትዎታል። የጠፋው ስሜት ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ጥሩወርቅ፣ «ጠበሉ ጎዳው ልትይን ነው?» ብላ ተቆጣች። ወደ አባ ኃይሉ ሄድን። ሰምተው ሰምተው፣ «ጠበሉ ምን አደረገ? እጁን በውርጭ ያስነከርነው እኛ ነን» አሉ። «ደሳለኝ፣ ጠበሉን ጠጣ፤ እጅህን አልብሰው፤ ማሽኑን ተው።»

ሞጣ ሄጄ ስንታየሁን ተሰናበትኩት። ይስቅብኛል ስል፣ «ጋሼ፣ የእኔም ጠዋት ጠዋት ይነጣሉ» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

ዘሩስ? በእኛ አገር ሴት ዘር አትበትንም። ጥሩወርቅ ግን አባ ፊት፣ «እኔ እዘራለሁ» አለች። እኔ አቀረቀርኩ። አባም፣ «መሬት የዘሪውን ጾታ አይጠይቅም» አሉ። ጎረቤቱ አጉረመረመ፣ ቡቃያውን ሲያይ ተወ። ታዲያ ይኸው፣ ልጄ፣ ሁላችንም የተስማማንበት ይህ ነው፦ እሷ ትዘራለች፤ እኔ እጄን በጋቢ ጠቅልዬ ከፊት ከፊቷ እየሄድኩ በእግሬ ትልሙን አሳያታለሁ። እግሬ ገና ያውቃል።