ራዲዮ ጠጋኙ በተከራየበት ግቢ ሰሌዳውን ስላዞረው ሰው የተሰጠ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሙናዬ ዋሴ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ጠላ ሻጭ
አድራሻ፦ ወረታ ከተማ፣ ከከብት ገበያው በላይ
ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 1982 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ማረው ሰጠኝ
ጉዳዩ፦ በመሐመድዘይን አማን ላይ የቀረበ ጥቆማ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው፣ ተጠርጣሪውን ታውቂው እንደሆነ ተብዬ ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። መሐመድዘይን አማን በግቢዬ የፊት ክፍል ተከራይቶ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግን ዓመታት አልፈዋል። ዝምድና የለንም። ጠብም የለንም፤ ቴፔን ለመጠገን አንድ ወር ያጉላላኝ ጊዜ ግን አልሰደብኩትም አልልም።

የከተማው ጄኔሬተር የሚነሳው ማታ ብቻ ስለሆነ ተጠርጣሪው ቀን የሚበይድበት መብራት አልነበረውም። አምና በጥቅምት፣ በድርቁ ጊዜ መጥተው የነበሩ የእርዳታ ሰዎች ሐሙሲት ላይ ዕቃቸውን በሐራጅ ሲሸጡ አንድ የፀሐይ ሰሌዳ፣ አንድ ትልቅ ባትሪና አንድ የብረት ሳጥን ገዝቶ መጣ። ሰሌዳው ከፀሐይ ያገኘውን ለባትሪው ይሰጣል። ሳጥኑ ደግሞ ባትሪው ውስጥ ያለውን ወስዶ እንደ ከተማው መብራት ያደርገዋል። ኢንቨርተር ይለዋል። ሲሠራ ያጉረመርማል፤ የመበየጃው ብረት የሚግለው በዚያ ነው። ለእኔም የመኪና ባትሪዬን ከሰሌዳው ላይ ይሞላልኛል፤ በእሱ ቴፕ አጫውታለሁ። ቴፑን እየሰሙ ከሚጠጡት ውስጥ ጠቋሚው ካሴ አለበት። ከዚህ ፖሊስ ጣቢያም ስማቸውን የማልጠራቸው አሉ።

ካሴ የቀበሌው ጥበቃ ሲሆን ቤቱ ከግቢዬ ጀርባ ነው። ጥቆማው ተነቦልኛል። ሰሌዳው ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከሰዓት ወደ ጣና እንደሚዞር፣ ከመዞሩ በፊትም ቃሉ የማይለይ የምልክት ጥሪ እንደሚሰማ፣ በካሴ ራዲዮ ላይም እንግዳ ድምፅ እንደሚገባ፣ ይህም ለወንበዴ መልእክት ማስተላለፊያ እንደሆነ ይላል። ስለ ድምፁ የማውቀው የሚከተለውን ነው። ሳጥኑ ሲነሳ በአቅራቢያው ያለ ራዲዮ ሁሉ ይንጫጫል፤ የእኔም ይንጫጫል። ሳጥኑ ሲጠፋ ድምፁ ጥርት ይላል። ካሴ በሰኔ ወር የሱቁ በር ላይ ቆሞ «ዜናዬን አሳጣኸኝ!» ብሎ ሲጮህ መሐመድዘይን ሳጥኑን እያጠፋና እያስነሳ አሳይቶታል። እኔም ነበርኩ። ካሴ አይቶ፣ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጥቶ ሄደ። ስለ ማዞሩም ቢሆን ሰሌዳው ፀሐይን ካላየ ባትሪው አይሞላም። ፀሐይ በደብረ ታቦር በኩል እንድትወጣ፣ በጣና በኩል እንድትገባ ያዘዝኳት እኔ አይደለሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ካሴና ሁለት ጓዶቹ መጥተው ተጠርጣሪውን ያዙት። ዕቃውንም ወሰዱ። አንደኛው ባትሪውን ገልብጦ ሲሸከም ከውስጡ ያለው ውኃ ፈስሶበት ሱሪውን በላው። መርዝ ነው ብሎ ሲጮህ ስቄያለሁ፤ መሣቄ ጥፋት ከሆነ ይያዝልኝ።

ተጠርጣሪው በሰጠው ቃል ሰሌዳውን የሚያዞረው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ማንም እንደማይነካው መናገሩን ሃምሳ አለቃው ነግረውኛል። ካሴ ግን ሰሌዳው በሚዞርበት ሰዓት ተጠርጣሪው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሲበይድ አይቻለሁ ብሏል። ስለዚህ ተጠርጣሪው ዋሽቷል፣ የሚደብቀው ተባባሪ አለ ተብሎ ያንን ሰው እስኪያወጣ ነገ በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳር እንዲላክ ተወስኗል። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። የደበቀው እኔን ነው።

ሰሌዳውን የማዞረው እኔ ሙናዬ ነኝ። ሰሌዳው የቆመው ከጋኖቼ አጠገብ ነው። እሱ የጋለ ብረት ይዞ መነሳት ስለማይመቸው «እት ሙናዬ፣ ጥላ ሆነ» ብሎ ይጣራል፤ እኔም ወጥቼ አዞራለሁ። ጠዋትም ከሰዓትም። የምልክት ጥሪ ሰማሁ ብሎ ካሴ ያስጻፈው ይኸው ነው። ሌላ ተባባሪ የለም። ለማንም መልእክት አልላክንም፤ የምንልክበትም አናውቅም። ባሕር ዳር ተወስዶ የተመለሰ ሰው በዓይኔ አላየሁም፤ ለእሱ ፈርቻለሁ፣ ለራሴም ፈርቻለሁ።

ይህ ቃል ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ሊያዛውረኝ እንደሚችል ሃምሳ አለቃው አስረድተውኛል። ከመፈረሜ በፊት እንዳስብበት ብለው ብቻዬን ወደ ቤቴ እንድሄድ ፈቀዱልኝ፤ እስከ ማታ ድረስ እንደማይፈልጉኝም ነገሩኝ። ሄጄ ጋኖቼን ከደንኩ። የቤቴን ቁልፍ ለመሐመድዘይን ሚስት ለዙህራ ሰጠሁ። ከቀኑ በ8 ሰዓት ተመልሻለሁ። ቃሌ ያው ነው።

ከላይ ያለው ሁሉ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት እንጂ የተጨመረበት የለም። እውነት ስለሆነ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ።

የቃል ሰጪዋ የጣት አሻራ፦ ሙናዬ ዋሴ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ማረው ሰጠኝ

ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ ከምስክርነት ተነሥታ በተባባሪነት ተመዝግባለች። ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መኪና ላይ ለሁለት ሰው ቦታ ተጠይቋል።