ለእንጅባራ ብርድ የቀየርኩት ዘይት

የእኔ የናፍጣ ሚኒባስ በእንጅባራ ብርድ ጠዋት ጠዋት ሳይገፋ አይነሳም ነበር። አንድ ሹፌር ጓደኛዬ፣ «ለቤንዚን መኪና የሚሆነውን ቀጭን ዘይት አድርግበት፤ ቁልፉን ገና ስታዞረው ይነሳልሃል» አለኝና ሰማሁት። እውነትም ተነሳ! ተሳፋሪ ሞልቼ ወደ ቻግኒ ቁልቁል ወረድኩላችሁ።

ሙቀቱ ሲጀምር ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ አለች፤ ጠፋች፤ ደግሞ በራች። ዓይኔን ከመብራቷ መንቀል አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸው ምጥ ይዟት ቻግኒ ሐኪም ቤት ሊደርሱላት የሚጣደፉ ናቸው። «ልጄ፣ ይቺ መብራት ምንድን ናት?» አሉኝ። «ምንም አይደለች እማማ፣ ልማዷ ነው» አልኳቸው። ይህን ስል አንድ ሌላ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈን። ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። አቁሜ የዘይቱን መለኪያ ብመዘው እንደ ውሃ ቀጥኖ ይንጠባጠባል።

«ይቅርታ እማማ፣ ከዚህ በኋላ አይሄድም።»

«መብራቷን አላውቃትም፤ ፊትህን ግን ቅድም አይቼዋለሁ» አሉኝ። «እውነቱን ብትነግረኝ ያንን መኪና አስቁሜ እሳፈር ነበር።» ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ።

ልጃቸው በሰላም ተገላግላ እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም። ዛሬ የማደርገው ወፍራሙን የናፍጣ ዘይት ነው፤ ጠዋት ይገፋ! ግን ቁልፍ በከፈትኩ ቁጥር ያቺ መብራት መጀመሪያ ትበራለች፤ እስክትጠፋ ድረስ የእማማ ጀርባ ይታየኛል።