የእትዬ አስካለ ስኳር

ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ገና እየተማርኩ፣ የቀራንዮ ቀበሌያችንን የስኳር ራሽን ዝርዝር በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ሠራሁ። በእደላው ቀን ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ተሰልፈው፣ ቤተሰባቸው ስምንት ሆኖ ሳለ የሁለት ሰው ብቻ ደረሳቸው።

«ስድስቱን ማን በላቸው?» አሉኝ።

«ማሽን አይሳሳትም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እኔ ዋሽቻለሁ» ብለው ሰው እያያቸው ከሰልፉ ወጡ።

በማግስቱ ስህተቱን አገኘሁት። የየቤቱን መረጃ በተራ የሚይዘውን ቅጽ፣ ስትራክቸር የሚባለውን፣ ስገልጽ የቤት ቁጥርን አስቀድሜ የቤተሰብ ብዛትን አስከትዬ ነበር፤ የእሳቸውን ስሞላ ግን ብዛቱን አስቀደምኩ። ማሽኑ በተራ ስለሚቀበል፣ የቤት ቁጥራቸው የሆነውን ሁለትን የቤተሰብ ብዛት አድርጎ ወሰደው።

ቀሪውን ስኳር ይዤላቸው ሄድኩ። «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» አልኩ።

«ምስኪን፣ አንቺንም አሳፈረሽ» አሉና ከዚያው ስኳር ጨምረው ሻይ ሰጡኝ። ጠጣሁት።